«ከብት ጠፍቶባችሁ ነው?» እናንተስ ለምንድነው በእግር የምትሄዱት?

እግረመንገድ
ሐሙስ፣ ማታ 2:40

ሰላም ቤተሰብ። ይሄን ጽሑፍ ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ይውጣልኝ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። አምስት ሆነን ከአንኮበር ወደ ወፍ ዋሻ ደን በእግር እየሄድን ነበር። ቦርሳው፣ ዱላው፣ አዲሱ ጫማ፣ ሰፊው ባርኔጣ፣ የጎደለን ነገር የለም። አንድ አዛውንት ከማሳቸው ቀና ብለው አዩንና «ምነው ልጆቼ፣ ከብት ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉን። የለም አባባ፣ ዝም ብለን እየሄድን ነው አልናቸው። «ወዴት?» ወደ ላይ። «ዘመድ አላችሁ?» የለንም። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያውስ የምትፈልጉትን ያገናኛችሁ» ብለው ወደ አረማቸው ተመለሱ።

ጓደኞቼ እስኪመሽ ሲስቁ ዋሉ። እስካሁንም ከመሃላችን አንዱ ወደኋላ ሲቀር «ከብቱን አገኘኸው?» እንባባላለን። እኔን ግን ጥያቄዋ አልለቀቀችኝም። ምን ጠፍቶብኝ ነው?

ስለራሴ ትንሽ ልበል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ። መሄድ የጀመርኩት ፈልጌ አይደለም። ከለገሃር ሳሪስ ያለው የታክሲ ሰልፍ ነው ያስጀመረኝ። ሰልፉ አንድ ሰዓት፣ መንገዱ ሌላ አርባ ደቂቃ። አንድ ማታ ተናድጄ በ11 ቁጥር ነካሁት፣ ሰልፍ ላይ ከተውኳቸው ሰዎች እኩል ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ደገምኩት። ከዚያ ሰልፍ በሌለበት ቀን፣ ረዳቱ «ሳሪስ አንድ ሰው!» እያለ እየጠራኝ ጥዬው ማለፍ ስጀምር ነው የሆነ ነገር እንደለከፈኝ የገባኝ። ከዚያማ ቅዳሜ እንጦጦ፣ ቀጥሎ መናገሻ ሱባ፣ ወጨጫ፣ ዝቋላ፣ ወንጪ። ሚስቴ «ሌላው ባል ይጠጣል፣ የኔው ይሄዳል» ትላለች።

ሰው ሲጠይቀኝ «ለጤና ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ለጤና ቢሆን ጂም የከፈልኩበትን ሦስት ወር እጨርሰው ነበር። ለእይታውም አይደለም፣ እውነት ለመናገር ብዙውን ጊዜ የማየው የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ነው። እኔን የሚጎትተኝ ሦስተኛው ሰዓት ነው። መጀመሪያ ወሬ አለ፣ ፖለቲካ፣ ዶላር፣ የቤት ኪራይ። ከዚያ ጫማዬ፣ ትከሻዬ፣ ውሃ ማን ያዘ ይመጣል። ሦስተኛው ሰዓት አካባቢ ግን ሁሉም ዝም ይላል። ተኮራርፈን አይደለም። ይሄ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ያ ድንጋይ፣ ትንፋሽ፣ በቃ። ሳምንቱን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጮህ የከረመው ነገር መቼ እንደወጣ ሳላውቅ የለም።

እናንተስ? እባካችሁ «ለጤና» አትበሉኝ።

ቁጭ_ባዩ
ሐሙስ፣ ማታ 3:05

አትቀየሙኝና ይሄ የጥጋብ ነገር ነው። ያደግኩት ገጠር ነው። ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ አራት ሰዓት፣ በባዶ እግር፣ ክረምት ሲሆን በጭቃ። እናቴ ውሃ፣ እንጨት፣ ወፍጮ፣ ገበያ፣ ሁሉንም በእግሯ። አንድ ቀን «ሃይኪንግ ሄጄ መጣሁ» ብላ አታውቅም። ከተማ ገብቼ ባጃጅ የተሳፈርኩ ቀን ነው ሰው የሆንኩ የመሰለኝ። አሁን ደግሞ ብር ከፍሎ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄዶ፣ በእግር ለመሄድ? ሚኒባሱ ካለ ለምን እዚያው አትቀመጡም?

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ከብት ካልጠፋባችሁ ቤታችሁ አረፍ በሉ።

እግረመንገድ
ሐሙስ፣ ማታ 3:20

ሚኒባሱ ላይ ያልከው ገደለኝ 😂

ጥጋብ ያልከውን ግን አልክድህም። እንጦጦ ስንወጣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፣ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። አንድ ቅዳሜ አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ቆማ ነበር። የባህር ዛፍ ጭራሮ ነው፣ ሲሄዱ ቅጠሉ ከኋላቸው አስፋልቱን እየጠረገ ሽሽሽ የሚለው። «እስቲ አሸክሙኝ» አለችን። ሁለት ወንድ ሆነን ነው ያነሳነው፣ እኔ ወገቤን እስከ ማክሰኞ አሞኛል። እሷ ገመዱን ደረቷ ላይ አስተካከለች፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች፣ ቁልቁል ሄደች። ወዴት ናችሁ እንኳ አላለችንም፣ ጊዜም የላት። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ መንገድ ላይ ፎቶ መነሳት ተውኩ። መሄዱን ግን አልተውኩም። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አላውቅም።

የደባርቅ_ልጅ
ዓርብ፣ ጠዋት 1:15

እኔ ሰሜን ተራሮች ላይ አስጎብኚ ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ቀጥሎ ጦርነት፣ እሱ በረድ ሲል ሌላ ጦርነት። እንግዳ ጠፋ። በቅሎ የሚያከራየውም፣ ምግብ የሚያበስለውም ቁጭ አለ። ስለዚህ ለመምጣት የምታስቡ መጀመሪያ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፣ ጫማ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

ለቁጭ_ባዩ ግን መልስ አለኝ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ስካውት፣ ማለትም እንግዳ የሚያጅብ ታጣቂ ጥበቃ፣ ነበር። ዕድሜው ስልሳን ያለፈ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አግድሞ፣ በኮንጎ ጫማ። የእንግዶቹ ጫማ ብቻ የሱን የወራት ደሞዝ ያወጣል። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ነው፣ ግጭ 3,600። ኢሜት ጎጎ 3,926 ላይ ስንደርስ እንግዶቹ መሬት ላይ ተዘርረው አየር ይለምናሉ፣ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ አፋፉ ላይ ይቀመጣል። እሱማ ሥራው ነው ትሉኛላችሁ። አንድ ቀን ግን ተራው ሳይሆን፣ እንግዳ ሳይኖረው፣ ብቻውን ወደዚያው ሲሄድ መንገድ ላይ አገኘሁት። ምነው፣ በደህና? አልኩት። «ቤት ወሬ በዛ» አለኝና አለፈ። ይሄ ሰውዬ ሃይኪንግ የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም።

ሌላው ደግሞ ሁሉም ሰው ራስ ደጀንን በቁጥሩ ይወደዋል፣ 4,543 ሜትር ብሎ ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ። ማንም የማይነግራችሁ ነገር ቢኖር፣ ጨነቅ ከሚባለው ካምፕ ተነስታችሁ የቧሂት ተራራን አንገት ከ4,200 በላይ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ወንዙ ድረስ ወደ 2,800 ገደማ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር ትወጣላችሁ። በላባችሁ የገዛችሁትን ከፍታ መልሳችሁ ትሸጡታላችሁ፣ ያውም በኪሳራ። ወንዙ ጋ ቆሞ ማዶ ያለውን ቀጭን መንገድ እያየ «እሱ ነው የኛ?» ያላለኝ እንግዳ ትዝ አይለኝም።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ደግሞ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። የግጭ መንደር ሰው ተነስቶ ወደ ደባርቅ ከመጣ ወዲህ ሣሩ አገግሟል። ደስ ይላል። ግን ስናልፍ ቡና የሚያፈላልን ቤትም አብሮ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ጭላዳዎቹ ከሚያድሩበት ገደል ሲወጡ መጀመሪያ የሚመጣው ድምፃቸው ነው፣ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። እኔ ናፈቀኝ የምለው እሱ ነው።

ጀማሪዋ
ዓርብ፣ ጠዋት 3:02

እኔ ገና አራተኛ ጉዞዬ ነው። ባለፈው ወንጪ ሄጄ ሁለቱም አውራ ጣቴ ጥፍሩ ጠቁሮ ተመለስኩ፣ ተረከዜም ውሃ ቋጥሮ። ይሄ የተለመደ ነው?

ለምን እሄዳለሁ ለሚለው፣ መጀመሪያ ጓደኛ ፍለጋ ነበር። ግን ስሙን የማልጠራው አንድ አዘጋጅ ስልሳ ሰው ጭኖ፣ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ፣ ትልቅ ስፒከር ተሸክሞ ሐይቁ ድረስ ሲያስጨፍረን ዋለ። ወፍ ሁሉ አገር ጥሎ ሳይሄድ አይቀርም። ብቻዬን ብሄድ ደስ ይለኛል ግን ሴት ልጅ ብቻዋን ጫካ ገብታ… ታውቁታላችሁ። እናንተ ወንዶቹ «ዝምታው» የምትሉትን እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ብዬ ኋላዬን ሳላይ አግኝቼው አላውቅም።

ሲስተር_ሐ
ዓርብ፣ ጠዋት 4:30

ጀማሪዋ የኔ እህት፣ ስለ እግርሽ ልንገርሽ፣ ሥራዬ ነው።

ጥፍር የሚጠቁረው ቁልቁለት ላይ ጣትሽ የጫማውን ጫፍ ደጋግሞ ስለሚመታው ነው። ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዢ፣ እግር ቀን ሲውል ያብጣል። ከለመድሽው ቁጥር ግማሽ ይጨምር። ከመሄድሽ ሁለት ቀን በፊት ጥፍርሽን ቁረጪ። ቁልቁለቱ ላይ ክሩን ቁርጭምጭሚትሽ ጋ ጠበቅ አድርጊ።

ውሃ የሚቋጥረው ደግሞ እርጥበትና ፍትጊያ ሲገናኙ ነው። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ያስቀራል፣ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ይሻላል። ገና ትኩስ ትኩስ ሲልሽ «ቡድኑን አላስቆምም» ብለሽ አታፍሪ። ቁጭ በይ፣ ፕላስተር ለጥፊበት። ቋጥሮ ከሆነ አታፍንጂው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ዳገት ይፈራል፣ በማግስቱ የሚያስነክሰው ግን ቁልቁለት ነው። ስትወርጂ የጭንሽ ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፣ ያ ነው የሚጎዳው። ዱላ ያዥ፣ እርምጃሽን አሳጥሪ።

ሰሜን ለምታስቡ ደግሞ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ መኖራችን ይጠቅማል እንጂ ዋስትና አይደለም። ከ3,000 በላይ የምታድሩበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታቱ ማስመለስና መንገዳገድ ከጨመረ ነጭ ሽንኩርትም ዝንጅብልም አያድንም፣ መውረድ ነው።

ለምን ትሄጃለሽ ካላችሁኝ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የሰው ሕመም ሳይ አድሬ ጠዋት ቤት ብገባ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከሆስፒታል እስከ ቤቴ 50 ደቂቃ ነው። በእግሬ ከገባሁ ይወስደኛል። በታክሲ ከገባሁ የታካሚዎቹ ፊት አብሮኝ ይገባል።

ሾፌሩ_ቨርጂኒያ
ዓርብ፣ ከሰዓት 10:48

እኔ በቀን 12 ሰዓት መኪና ውስጥ ነኝ። ሐኪሙ ስኳር ጫፍ ላይ ነህ አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ለጤና ነው፣ ይቅርታ እግረመንገድ 😂

ሸናንዶዋ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ከቤቴ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እዚያ ውስጥ የሚያልፍ አፓላቺያን ትሬይል የሚባል መንገድ አለ፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን፣ 14 ግዛት፣ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር። እኔ ሸናንዶዋ ውስጥ ያለውን 160 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የጨረስኩት፣ እሱንም በሦስት ዓመት፣ እየቆራረጥኩ። ዛፉ ላይ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ወርዱ 5 ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር። እሱን መከተል ነው። አስቡት፣ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ወደ ቀኝ ታጠፍ ወደ ግራ ታጠፍ ስትለኝ ትውላለች፣ ተሳፋሪው ከኋላ ሆኖ «በዚያ አይሻልም ነበር?» ይለኛል፣ የትራፊኩም የኩባንያውም ጣጣ አለ። እዚያ ነጭ ቀለም ብቻ። ካየኸው ልክ ነህ። ካላየኸው ተመለስ። ሌላ ማንም አስተያየት የለውም።

ኦልድ ራግ የሚባል ተራራ አለ፣ ዓለት ለዓለት እየተሹለከለክህ በእጅም በእግርም ነው የሚወጣው፣ ዙሪያው 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጫፉ አንድ ሺህ ሜትር ነው፣ ሰዉ ደረስን ብሎ እየተቃቀፈ ፎቶ ይነሳል። ለአንዷ «መርካቶ የሚባል ገበያ አለን፣ ከፍታው ከዚህ በእጥፍ ይበልጣል» ብላት አላመነችኝም። ለካ ልጅ ሆኜ ስንት ኦልድ ራግ ኬሻ ተሸክሜ ወጥቻለሁ ሎል።

ሰኔ አካባቢ ከጆርጂያ ጀምረው ወደ ሰሜን የሚሄዱትን ታገኛለህ። ሽታቸው ይቀድማቸዋል፣ ምን ይደረግ። ለአንዱ ቆሎ ዘገንኩለት። አፉ ውስጥ ከትቶ ዓይኑን ጨፈነ። ገብስ ነው አልኩት። የት ይሸጣል? እናቴ ናት የምትልክልኝ አልኩት። አንድ ሰዓት አብረን ሄድን፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ተለያየን። እዚህ አገር 18 ዓመቴ ነው። መኪና ውስጥ የሚወራው ካልተቆጠረ ከማላውቀው ሰው ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጡረተኛው
ዓርብ፣ ማታ 1:30

ልጆች፣ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም።

በ1968 ዓ.ም. ስለት ነበረብኝ። ባለቤቴ በምጥ ብዙ ተሰቃይታ ነበርና በሰላም ከተገላገለች ግሸን ማርያም በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተሳልኩ። ተገላገለች። ለመስከረም 21 ንግሥ ከደሴ ተነሳሁ፣ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ስንቄ በሶ፣ ጭኮ፣ ትንሽ ዳቦ ቆሎ። በሶ የሚመስል የመንገድ ምግብ እስካሁን አላየሁም፣ እሳት አይፈልግ፣ አይበላሽ፣ ውሃና ጨው ካገኘህ ምሳህ ደረሰ። እናንተ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በውድ የምትገዙትን ጣፋጭ አየሁት፣ ልጄ ሰጥቶኝ። እንጨት እንጨት ይላል።

ሲመሽ አንድ ደጅ ቆሜ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» አልኩ። አስገቡኝ። የቤቱ እመቤት ውሃ አሞቁ፣ ጨው ጣል አደረጉበት፣ እግሬን አጠቡኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ሃፍረት ገደለኝ። እግሬን ስሰበስብ «ዝም በል፣ መንገደኛ አይደለህም እንዴ» ብለው ጎተቱት። ፊታቸው ጠፍቶብኛል። እጃቸው ሻካራ እንደነበር ግን አልረሳም። ጠዋት ስሜንም ሳይጠይቁ ሸኙኝ።

ስለ አምባዋ፣ ስለ መስቀል ቅርፅዋ፣ ስለ ሕዝቡ ብዛት ብዙ ሰው ይነግራችኋል። እኔ ግን ግሸን ሲባል ትዝ የሚለኝ ያ የውሃ ሙቀት ነው። ይኸው ሐምሳ ዓመት ያህል ሆነው።

ሲስተር_ሐ
ዓርብ፣ ማታ 1:52

ጋሼ፣ እግርዎ ይባረክ። አሁንም ይሄዳሉ?

ጡረተኛው
ዓርብ፣ ማታ 2:10

በየጠዋቱ። ሐኪሙ ሠላሳ ደቂቃ ብሎኛል፣ እኔ አንድ ሰዓት አደርገዋለሁ፣ ለልጆቼ እንዳትነግሩብኝ።

ባት_ጎንደር
ዓርብ፣ ሌሊት 5:20

ሰላም ለሁላችሁ ከእስራኤል። አጻጻፌን ታገሱኝ፣ አማርኛ የተማርኩት ከእናቴ ነው።

እዚህ ሽቪል ይስራኤል የሚባል መንገድ አለ፣ ከሰሜን ከዳን እስከ ኤላት፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ። ወጣቱ ከሠራዊት ሲወጣ ይሄደዋል። እኔም ወጥቼ ቦርሳዬን ስሸክፍ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ምንድነው ይሄ አለች። በእግር ልሄድ ነው፣ ሁለት ወር። «ማን አሳደደሽ?» አለችኝ።

እናቴ በ1976 ዓ.ም. ከጎንደር ገጠር እስከ ሱዳን በእግሯ የሄደች ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቀን እየተደበቁ፣ ሌሊት እየሄዱ፣ ሽፍታ እየፈሩ። ታናሽ ወንድሟ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ቀርቷል። በዚያ መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚሆን ቤተ እስራኤል እንዳለቀ ይነገራል። ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፣ በየዓመቱ እንሄዳለን። ለእሷ በእግር መሄድ ማለት እሱ ነው። እኔ ደግሞ የእንቅልፍ ከረጢት በቅናሽ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኛል።

ሄድኩ። ስልክ ስደውል «ደህና ነሽ? እሺ» ብቻ ነው። ታቦር ተራራ አካባቢ ስደርስ ራሷ ደወለችና ልምጣ አለች። እህቴ በመኪና አመጣቻት፣ በነጠላና በሸራ ጫማ። አንድ ቀን አብራኝ ሄደች። ከፊቴ ነው የምትሄደው። ውሃዋን እስከ ቀትር አልነካችውም። ለምን አትጠጪም ስላት «ገና ነው» ትላለች። ምኑ ነው ገና? የትም ዞር ብትይ ቧንቧ ነው። አረፍ ልበል ስል «መንገድ ላይ አትቀመጪ፣ እግርሽ ይተኛል» ትለኛለች። ጫፉ ላይ ስንደርስ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጋ «ይሄ ነው ታቦር? የኛው ይበልጣል» አለች። ደብረ ታቦርን ማለቷ ነው። ልክ ናት እኮ፣ ይሄኛው 600 ሜትር እንኳ አይሞላም።

ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ቁጭ አለች፣ እዚያው መንገዱ ላይ፣ እግሯን ዘርግታ። ብዙ ቆየን። ስለ ወንድሟ እስከዚያ ቀን ስሙን ብቻ ነበር የማውቀው። ያን ቀን ሲስቅ እንዴት እንደሚንተከተክ አስመስላ አሳየችኝ።

እግረመንገድ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 1:05

ይሄን ሌሊት አንብቤው ዝም ብዬ ተኛሁ። እናትሽን ዕድሜ ይስጥልኝ።

እሁድ_ብቻ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:44

እኔ አቡዳቢ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በሳምንት አንድ ቀን ነው ዕረፍቴ። ጓደኞቼ ተሰብስበው ቡና ያፈላሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ እኔ ኮርኒሽ የሚሉትን የባሕር ዳር መንገድ ይዤ እሄዳለሁ። ወደ 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአንድ በኩል ባሕሩ በሌላ በኩል ፎቁ። ጫፍ ደርሼ እመለሳለሁ። በጋ ሲሆን ከቤት መውጣት አይቻልም፣ ያኔ ሞል ውስጥ ነው የምዞረው። ሱቅ ሳልገባ ስዞር ጥበቃው ጠርጥሮ ተከትሎኝ ያውቃል ሃሃ።

ቤት ውስጥም ቀኑን ሙሉ እሄዳለሁ እኮ፣ ሦስት ፎቅ ነው፣ ስልኬ አንዳንድ ቀን 20 ሺህ እርምጃ ይለኛል። ግን እያንዳንዱን እርምጃ ሰው ነው የጠራኝ። ኮርኒሹ ላይ የሚጠራኝ የለም። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «እግርሽ አይደክመውም?» ነው የሚሉኝ።

ቁጭ_ባዩ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8:15

እሺ።

ከሐሙስ ጀምሮ ይሄን ክር እያነበብኩ ነው፣ ሥራ አስፈታችሁኝ። የባት_ጎንደር እናት መጀመሪያ የኔ ወገን ነበሩ፣ «ማን አሳደደሽ» ሲሉ ቆሜ ላጨበጭብ ነበር፣ በኋላ ከዱኝ።

አንድ ነገር ልመን። ከትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት ነው መመለሻው ብያችሁ የለ? ሁለት ሰዓት ተኩል እናደርገው ነበር። በወንዙ በኩል ዞረን። አባቴ ለምን ዘገየህ ሲል መምህሩ አቆየን እላለሁ። ቤት ስገባ ከብት አለ፣ ጥጃ አለ፣ እንጨት ፍለጥ አለ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ አለንጋ አለ። መሃል ላይ ያለው መንገድ ላይ ግን የሚያዘኝ ሰው አልነበረም። እሾህ ሲወጋን የሚነቅልልን አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ በጥርሱ ነበር የሚነቅለው። ስሙን ስጽፍ ራሴ ደነገጥኩ፣ አጠፋሁት። ሃያ ዓመት አስቤው አላውቅም።

አሁንም ጥጋብ ነው እላለሁ። በሱ አቋሜ አልተለወጠም።

እሁድ_ብቻ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8:31

መምህሩ አቆየን 😂😂 እኔም ለእናቴ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ነበር እላት ነበር።

ጀማሪዋ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9:10

ሲስተር ስለ ጫማው አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ከሰዓት ሄጄ ለካሁ፣ እውነትም ግማሽ ቁጥር ጨመረ። ነገ የሚሄድ ሰው አለ? ያለ ስፒከር?

እግረመንገድ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9:25

እኔ አለሁ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ እንጦጦ ማርያም፣ ከቻልን በአፋፉ በኩል እንቀጥላለን። ስድስት ሰዓት ላይ እንወርዳለን። ሚስቴም ትመጣለች፣ «ምን እንደሚጠጣ ልየው» ብላለች። ሲስተር?

ሲስተር_ሐ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9:40

ሌሊት ተረኛ ነኝ፣ 1 ሰዓት ላይ ነው የምወጣው። ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ማርያም ጋ እደርስባችኋለሁ። ፕላስተር እይዛለሁ። ጀማሪዋ፣ ወደኋላ የማየቱን ነገር ነገ እኔ ከኋላ ስለምሆን ለኔ ተይው።

ጡረተኛው
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10:05

እኔ እስከ ላይ አልችልም። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን መጥቼ እሸኛችኋለሁ። በሶ አስፈጭቻለሁ፣ ኮዳ ያዙ።

ቁጭ_ባዩ
ቅዳሜ፣ ማታ 1:50

ጫማ የለኝም እኔ።

የደባርቅ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 1:53

ኮንጎ አድርግ።